ፈቃድ ያላት የበሰበሰች ታንኳ

ለተከበሩ ጓድ፣ የሐይቅ ዳር የሙያ ፈቃድ ሰጪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሕር ዳር

የጣና ነፋስ ለእርስዎ ቀስ ብሎ እንዲነፍስ፣ ወገብዎም ከወንበርዎ ቀድሞ እንዳይደክም እየተመኘሁ አብዮታዊ ሰላምታዬን ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። እኔ የሠራተኛ ኢኮኖሚ ባለሙያ ነኝ፤ መንግሥት ባሕር ማዶ ልኮ አስተምሮኛል፤ ዕድሜዬንም የፈጀሁት፣ የሥራ ፈቃድ ማንን ጠቅሞ ማንን ከእንጀራው እንደሚያስቀር በማጥናት ነው። እናቴ ግን እንዲህ ያለ ሙያ መኖሩን ስላላመኑ ለጎረቤት «ልጄ ሐኪም ነው» ይላሉ።

ውለታዎ ብዙ ስለሆነ በተራ ቁጥር አመሰግናለሁ።

፩. ታንኳ ሠሪው አቶ ሣህሉ ያለ ፈቃድ እንዳይሠሩ ስለከለከሉልን። እሳቸውም ትእዛዝ አክብረው ከክረምት በፊት አዲስ ታንኳ አስመዘገቡ። ደንገል ከሚባለው የሐይቅ ቄጠማ የምትሠራ ታንኳ ውሃ እየጠጣች በጥቂት ወራት እንደምትበሰብስ የሐይቁ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ፈቃዱ የተፈረመው ከበሰበሰች በኋላ ነው። የሹም አቦ ሰፈር ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይላል፤ ከእኔ አፍ እንዲህ ያለ ቃል አይወጣም።

፪. ፈቃዱን በሰውየው ሳይሆን በታንኳዋ ስም ስለጻፉ። አቶ ሣህሉ ሌላ ቢሠሩ «ይህች ፈቃድ የላትም» ተብለው ታገዱ፤ አሁን እጃቸውን አጣጥፈው፣ ልጆቻቸውም የጎረቤት ጭስ እያዩ ተቀምጠዋል። እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወውና፣ ጓድ ሰብሳቢ፣ ነገሩ ያናድደኛል።

፫. ፈቃድ ለሠሪው እጅ እንጂ ለደንገሉ አይሰጥም ብዬ ጥናት ባቀርብ፣ ስለ ፈቃድ ለማጥናት ፈቃድ እንዳለኝ ስለጠየቁኝ። በሙያዬ ዘመን ሁሉ ይህን የመሰለ ጥያቄ አልገጠመኝም። ማመልከቻዬን አስገብቼ ከአቶ ሣህሉ ጎን ተራ እጠብቃለሁ፤ እስኪፈረምልኝ እንደማልበሰብስ ተስፋ አለኝ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው፤ ከፈቃዱ ላይ የታንኳዋን ስም ሰርዘው «ሣህሉ» ብለው ይጻፉበትና ሰውየው ወደ ሥራቸው ይመለሱ።

በፊርማዎ ጥላ ሥር ተቀምጦ ፀሐይ የናፈቀው፣ ታዛዥዎና ፈቃድ የለሹ ባለሙያ
አምሐ ሀብተ ሥላሴ
ጥር ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ሐሙስ ለስብሰባ ወደ ዘጌ የሚሻገሩበት ታንኳ እንዲዘጋጅ ማዘዝዎን ሰምተናል። ሕግ እንዳይጣስ ብለን በሐይቁ ዳር ፈቃድ ያላትን ብቸኛ ታንኳ ፈልገን አግኝተናል፤ ያቺው የአቶ ሣህሉ አሮጌ ናት። ዳር ላይ ታስራ እየጠበቀችዎ ነው። እባክዎ የዋና ፈቃድዎን ይዘው ይምጡ።