ቁራሌው ያልወሰደው ሞተር

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ለሐዋሳ ከተማ ነዋሪዎች በሙሉ፦ ዛሬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የሞተር ሳይክሌ የጎን ክዳን በሰው ላይ ምንም ጉዳት ሳያደርስ መነሣቱን በታላቅ ደስታ አስታውቃለሁ። ከውስጡ አንድ እንሽላሊት ወጥቶ በሰላም አጥሩን ተሻግሯል።

ምክንያቱ? ልጄ ሐዳሳ። ቁርስ ላይ ነው የነገረችኝ።

«አባዬ፣ ቅዳሜ ቁራሌው ይመጣል። እስከዚያ በራሱ ጉልበት ከግቢ ካልወጣ ይወስደዋል።»

«ማንን? እኔን?»

«ሞተሩን።»

ለማረጋገጥ ነው የጠየቅኩት…

ልክ ናት፣ ስድስት ዓመት ቆሞ ቦታ ይዟል። ግን ሃያ ዓመት በየገጠሩ ከብት እየከተብኩ የዞርኩበት ነው። ባለቤቴን ታቢታን ከወላጆቿ ቤት ያመጣኋት በሱ ነው። ለቁራሌ? እንዴት ተደርጎ።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ካርቡራተሩን ፈታሁ። የፈታሁትን ስለምረሳ፣ ያለቀውን የጥቅምት ገጽ ከግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ገንጥዬ መሬት ላይ ዘረጋሁ። መጀመሪያ የወጣው 1 ላይ፣ ቀጥሎ የወጣው 2 ላይ… ስገጥም ወደ ኋላ መቁጠር ብቻ ነው። ብልህ ሰው ነኝ። ታቢታ አየችና «ወር ሙሉ ፈታኸው?» አለች።

ቤንዚን የሚያሳልፉ ሁለት ትንንሽ የነሐስ ብሎኖች አሉ። ባለ ጠባብ ቀዳዳዋ 8 ላይ ተቀመጠች፣ ባለ ሰፊዋ 18 ላይ። ሁለቱንም ዝቃጭ ደፍኗቸዋል። በቀጭን ሽቦ ጠረግኳቸው። ወደ ፀሐይ ሳነሣቸው ብርሃን አሳለፉ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ገጠምን። ትልልቁን ራሴ እያነሣሁ። ለነሐሶቹ ግን እጄ ዘይት ነው፣ ዓይኔም አይደርስ። ኩማ ያቀብለኛል። ሠላሳ ዓመት ለፈረንጅ ድርጅት ሠርቶ ጡረታ የወጣ ጓደኛዬ ነው፤ ከበርጩማው አይነሣም።

«ኩማ፣ 18 ላይ ያለችውን።» ሰጠኝ።

«አሁን የቀረችውን።» ሰጠኝ።

ረገጥኩ። ሳል። ጥቁር ጭስ። ዝም። ሃያ ጊዜ… ካንዴላው በቤንዚን ርሷል። ባለ ጋራዡ ጎረቤታችን ከድር በአጥሩ ብቅ አለ።

«አባባ፣ ደክሟል። ያሳርፉት።»

«እኔንም እንዲሁ ነው የምትለኝ?»

«እርስዎ ቢያንስ ይናገራሉ።»

ማታ ሐዳሳ በስልክ ስታወራ ሰማሁ። «አዎ፣ ቅዳሜ ጠዋት። ትልቅ ብረት ነው።»

እራት አልበላሁም። ሆዴን ነው አልኳቸው…

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ኩማ ሊያጽናናኝ መጣ።

«ነገ ቀኑ ስንት ነው?» አልኩት፣ የቀብሩን ቀን ላውቅ ብዬ።

«ዐሥራ አምስት።»

«ስድስት ነው።»

«ኖቬምበር ዐሥራ አምስት።»

ብድግ አልኩ። ከዚያ የጥቅምቱን ገጽ አመጣሁ። በትልቁ የኛ ቀን፣ ጥግ ላይ በትንሹ የፈረንጁ። የፈረንጁ 18 ያለው የኛ 8 ላይ ነው።

«ትናንት የትኛውን 18 አይተህ ነው?»

«ትንሹን ነዋ። ሠላሳ ዓመት በሱ ነው የኖርኩት።»

ጠባቧ በሰፊዋ ቦታ፣ ሰፊዋ በጠባቧ። ጥርሳቸው አንድ ስለሆነ ሳይከራከሩ ገብተዋል። ለካ ቤንዚን ያነቀው ለዚህ ነው።

«ይቅርታውን በየትኛው አቆጣጠር ልጠይቅህ?» አለኝ።

ስድቡን አቆየሁለት። ፈትተን ቀያየርናቸው። ዛሬ አልረግጠውም። ቁራሌው ፊት ነው የምረግጠው።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ቁራሌው ጋሪውን ይዞ መጣ። ሐዳሳ በሩን ከፈተችለት። ረገጥኩ። ምንም። ደግሜ ረገጥኩ… ሳል። ቁራሌው እጅጌውን ሰበሰበ። ሦስተኛው ላይ ተነሣ።

እንዴት ያለ ድምፅ ነው… ጭስ የለ፣ ሳል የለ። የከድር ዶሮዎች ተበተኑ፣ ራሱም ብቅ አለ። «ደክሟል?» አልኩት። ሐዳሳ እየሣቀች በሩን ወለል አደረገችው። ቁራሌው ባዶውን እንዳይሄድ የእሷን የተሰበረ የብረት አልጋ ጫንኩለት።

ታቢታ ማንም ሳይጠይቃት ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላዬ ተቀመጠች። ከሰፈራችን ከምሥራቅ ተነሥተን፣ ፒያሳን አቋርጠን፣ እስከ ሐይቅ ዳር። ባጃጅ ቀደምኩ። ቆሞ ነበር፣ ቢሆንም መቅደም መቅደም ነው። ታቢታ በጆሮዬ «ፍጠን፣ ሽማግሌው» አለችኝ።

እዚህ ላይ ልናዘዝ። «ፍጠን» አላለችም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት። «ቀስ በል፣ ልትገድለኝ ነው» ነው ያለችው፣ ያውም መንገዱን ሙሉ። ቤት ስንደርስ ግን ከሞተሩ ሳትወርድ «ነገ ቸርች በዚሁ ነው የምንሄደው» አለች። እሱን አልፈጠርኩም።