እማዬ የመረጠችልህ ሙያ

ለውድ ወንድሜ ለሞንጂ፤

እንዴት ነህ ወንድምዬ? ደረትህስ? ያ የተራራ ብርድ በረታብህ ወይስ ለመድከው? ምግቡስ ተስማማህ ወይስ አሁንም የኛን የሃሪሳ በርበሬ ፍለጋ ከተማውን ስታስስ ትውላለህ? እኛ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷን ያማታል፤ እሱም ጨዋታዋ ላይ ስትቀመጥ ይተዋታል።

ዋሻው ውስጥ መቆፈሬን ልቀጥል ወይስ ደመወዙ ቢያንስም ከላይ ያለው ወርክሾፕ ልግባ ያልከውን ነግሬያታለሁ። ምርጫው የራሱ ነው፣ አንዲት ቃል እንዳትጽፊለት ብላ አስምላኛለች። ስለዚህ ስለ ጨዋታው ብቻ ነው የምጽፍልህ።

ትተኸው የሄድከውን የእርሻ ቪዲዮ ጨዋታ እኔማ የት ደርሼበት! እማዬ ናት የያዘችው። መጀመሪያ በጨዋታም ቢሆን ዶሮ ተርቦ አያድርም ብላ ልትመግብ ገባች፤ ከዚያ ዱባ ተከለች፤ አሁን ማዕድን ጉድጓድ ወርዳ ድንጋይ ትፈልጣለች። ሴት የማዕድኑን በር ካለፈች ጣሪያው ይናዳል እየተባለ፣ ስንት ዘመን የአባባን ምሳ በር ላይ አቀብላ የተመለሰች ሴት! የጨዋታው ሰውዬ ደግሞ አሁንም በስምህ ነው የሚጠራው።

ባለፈው ሳምንት የቁፋሮ ችሎታዋ አደገና ጨዋታው ሙያ ምረጪ አላት። አንደኛው ከየማዕድኑ ድንጋይ አንድ ፍሬ ይጨምራል። ሁለተኛው ዕንቁ ሲገኝ አንዳንዴ ጥንድ ጥንድ ያወጣል። ስልክ የሚጠግነው የአጎታችን ልጅ ፈውዚ፣ ዕንቁውን ያልመረጠ ጅል ነው ብሎ ማለ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ልቤ ዕንቁው ላይ ነበር። እሷ ግን መጫወቻውን አላስነካም ብላ ስታስብ የኩስኩሱ መረቅ አረረ። በመጨረሻ ፈውዚን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው፤ ሰውዬው እታች እያለ ቢመሽበት ምን ይሆናል? እዚያው ራሱን ስቶ ይወድቃል አላት።

ከዚያ፣ "በየድንጋዩ አንድ ከተጨመረለት የሚፈልገውን ቶሎ ሞልቶ ይወጣል። ዕንቁው ይቅርብኝ" ብላ የመጀመሪያውን ተጫነች።

ፈውዚ እየሳቀ፣ "አክስቴ፣ ይሄ እኮ ጨዋታ ነው" አላት።

"ስሙ ሞንጂ ነው" አለችው።

ሳቁ እዚያው ቀረ። እኔ ደግሞ ኮራሁባት፣ ወንድሜ። እኛ ስለሚያብረቀርቀው ስንጨቃጨቅ እሷ የምታስበው ስለ መውጫው ነበር። በር ላይ ቆሞ የጠበቀ ሰው እንዲህ ነው የሚያስበው ለካ።

አሁን ጀምበር ሳትጠልቅ ታወጣዋለች። ቤቱ አስገብታ፣ አልጋው ላይ አስተኝታ፣ አልሃምዱሊላህ ብላ ትዘጋዋለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ትልና፣ እዚያስ ስንት ሰዓት ሆነ፣ ወጥቶ ይሆን ትለኛለች። ምን ብዬ ልመልስላት?

ፈውዚ ሰላም ብሎሃል፤ አሁንም ዕንቁው ይሻል ነበር ይላል። አጎታችን ላዝሃር ግንባርህን ስሚልኝ ብሏል። ዶሮዎችህም ደህና ናቸው። እማዬ ሰላምታዬን ብቻ አድርሺ፣ ሌላ ነገር እንዳትጨምሪ ብላለች። እኔም አልጨመርኩም።

እህትህ ዘኪያ
ረደየፍ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2024