ለማን እንደምንለስነው

ጥቅምት 24፣ ማታ

ክረምቱ የሰነጠቀውን የውጭ ግድግዳ ከእማዬ ጋር ስንደፍን ዋልን። ሲደርቅ ቀለም እንቀባዋለን። ያዘዘን አባዬ ነው።

ወንድሜ በላይ ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፍቷል። እማዬ ጭድ ገብቶበት የቦካውን ጭቃ በየስንጥቁ በአውራ ጣቷ እየጠቀጠቀች፣ «ልጄ ሲመጣ ቤቱ አምሮ ይጠብቀው፤ አባትሽም ልቡ ነግሮት ነው» ትለኛለች። ስታንጎራጉር ከሰማኋት ስንት ጊዜዬ!

አባዬ ግን ጠዋት ለብቻዬ ጠርቶኝ ነበር። በላይ ሞቷል ብሎ ቆርጧል። የንስሐ አባታችንንም አነጋግሯቸዋል፤ ፍትሐት ይደረግለታል፣ ተዝካሩም ይወጣል። «ለተዝካር የሚመጣ ሰው የፈረሰ ግድግዳ እንዳያይብን» አለኝ። «ለእናትሽ እኔው እነግራታለሁ።»

እስኪመሽ ጠበቅሁት። አልነገራትም።

እጃችንን ስንታጠብ እማዬ፣ «በሩን ሰማያዊ እናድርገው፤ በላይ ይወዳል» አለችኝ።

እሺ አልኳት።