ለኤክሃርት የላክሽው ስብርባሪ

ለልጅ ልጄ ለዮርዲስ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? ባልሽ ራስሙስ፣ ትንሿ ልጅሽ ቲልደ፣ የዴንማርክ ብርድ አልጠናባቸውም ወይ? እኛ ደህና ነን። ሴት አያትሽ ገርሊንደ ወገቧ ተሽሏት ቤቱን እንደ ልማዷ ትገዛለች። እኔን ከጉልበቴና ከቅናቴ በቀር የሚያመኝ የለም። ጉልበቱ የዕድሜ ነው፤ ቅናቱ ግን ያንቺ ሥራ ነው።

ከሰው ሰማሁ እንጂ አንቺማ መች ነገርሽኝ። ሥራ ቦታሽ ካለው የሃይድሮጅን ማሽን የተሰነጠቀውን ቁራጭ ለአባትሽ አባት ለኤክሃርት በፖስታ ልከሽለታል አሉ። እኔ ዕድሜ ልኬን እዚህ ፋብሪካ ሴራሚክ ስተኩስ የኖርኩት አንድ ቃል ሳልጠየቅ! እሱ ለገና ዛፍ የመስታወት ኳስ ሲነፋ የኖረው ጉንጫም! ምሳው አልወርድ አለኝ። ገርሊንደም "አንተ ሽማግሌ፣ ወይ ብላ ወይ ሂድና ተጣላ" አለችኝ። በልቼ ሄድኩ።

እሱ መንደር ላውሻ ስደርስ ምን ባይ ጥሩ ነው? ቁራጭሽን ከኳሶቹ መሃል መስኮት ላይ አስቀምጦ መንደርተኛውን ያስጎበኛል። "ይህች ዕቃ በስምንት መቶ ዲግሪ እንፋሎት ትጠጣለች፤ በኤሌክትሪክ ትፈለቅቀውና ሃይድሮጅኑን ለብቻ፣ ኦክስጅኑን ለብቻ ትተፋለች" እያለ ለዳቦ ጋጋሪዋ ያስተምራል። እሷም "ልጅቷ ይህን ሁሉ ከማን ወረሰችው?" ብትለው፣ አያፍር፣ ጉንጩን ነፋ!

መነጽሬን አድርጌ አገላበጥኩት። እንደ ጥፍር የሳሳው የሴራሚክ ሳህን እንከን የለውም። ሳህኑ የተቀመጠበት ብረትም ደህና ነው። የተሰነጠቀው ሁለቱን አጣብቆ ጋዙ እንዳያመልጥ ዳሩን የዘጋው መስታወት ነው፤ ሲቀዘቅዙ ከእነሱ እኩል መኮማተር አቅቶታል። ደስታዬን አትጠይቂኝ! "ኤክሃርት፣ የእኔ ወገን ጸንቶ ያንተ ወገን ነው የከዳት!" አልኩት በጋጋሪዋ ፊት። እሱ ግን ፈገግ ብሎ "ሎታር፣ ታዲያ ለምን ለእኔ የላከችው መሰለህ? ለደህና ሰው ማን ሐኪም ይጠራል?" አለኝ።

እውነቱን ነው። ሳህንሽ ደህና መሆኑ ሊያኮራኝ ይገባል፤ ግን ልጄ፣ ኩሩው ቤቱ ይቀመጣል፣ ፖስታ የሚደርሰው በሽተኛ ላለው ነው። ምነው ሳህኑ በተሰነጠቀ ብዬ ተመኘሁና ወዲያው ምላሴን ነከስኩ። ስለዚህ ምንም ሳይሰበርብሽ አንድ ነገር ጠይቂኝ። ምድጃው ቶሎ ይቀዝቅዝ ወይስ በዝግታ በይኝ። መልሱን ከእኔ አብልጠሽ ብታውቂውም ጠይቂኝ።

ራስሙስን ሰላም በይልኝ። የቲልደን ጉንጭ ሳሚልኝ፤ እንዳትነፋው ብቻ ተጠንቀቂ። ገርሊንደ የሱፍ ካልሲ ልካለች። የኤክሃርትን ሰላምታ ላስገባልሽ አላሰብኩም ነበር፤ ነገር ግን ተከትሎኝ መጥቶ ወንበሬ ላይ ተደላድሏል። ከሳህኑ እኩል የሚኮማተር አዲስ መስታወት ሊያቀልጥልሽ "ስለ ሴራሚክህ ንገረኝ እንጂ" እያለ ይጨቀጭቀኛል። አልነገርኩትም፤ ትንሽ ይለምነኝ።

አያትሽ ሎታር
ሄርምስዶርፍ፣ ኖቬምበር 14 ቀን 2021