ሹፌር የሌላት አይሱዙ

እሸቴ፣

ለፍልሰታ ሱባኤ ልገባ ሄጃለሁ። በርሜሉን ውኃ ሞልቼልሃለሁ። ማጣበቂያዬን ለጫማህ ብለህ እንዳትነካው፤ ሶሉን ሳይሆን ጣትህን ነው የሚያጣብቀው።

ትንሿ ተገጣጣሚ አውሮፕላኔ ላይ የተቀመጥህበትን ቀን ታስታውሳለህ። ዐቢይ ጾምን ሙሉ በወረንጦ እየለቀምሁ የገጣጠምኋትን ሰባብረህ፣ "ምን አለበት ሞሌ፣ የልጅ መጫወቻ አይደል!" ብለህ ሱሪህን አራገፍህ።

የንስሐ አባቴን "ይቅር ብዬዋለሁ" ብያቸዋለሁ። እጄ ነው እንቢ ያለኝ።

እህቴ ከዱባይ ከአውሮፕላኗ ጋር የላከችልኝን ሁለተኛውን ካርቶን ከፈትሁት። የጭነት መኪና ነበረች። አንተ እንደምትነዳት አይሱዙ አድርጌ ቀባኋት፤ የተሰበረው ፍሬቻ፣ የተቧጨረው ጎኗ፣ ሁሉም አለ። ዛሬ ጠዋት ለአይሱዙዋ ባለቤት ለጋሼ ዋልልኝ ሰጠኋቸው። እንደ ልጅ ደስ አላቸው።

ጉዳቷን ሲጠይቁህ እሳቸውን "ይፋግ ላይ በሬ ገባብኝ" ብለሃቸዋል። እኔ ሳጣብቅ አጠገቤ ተቀምጠህ የነገርኸኝ ግን ሌላ ነው። የጉና ቁልቁለት ላይ ጎማዋ ሥር የድንጋይ ታኮ ሳታደርግ አቁመሃት አረቄ ቤት ስትገባ፣ ብቻዋን ተንከባልላ ከግንብ ጋር ተላተመች።

ይህን አልነገርኋቸውም። ሐሜት ኃጢአት ነው።

ይህን ወረቀት የተጫነው ትንሹ ሰውዬ የመጫወቻዋ መኪና ሹፌር ነው። ጋቢናው ውስጥ አላስቀመጥሁትም።

ጋሼ ነገ ወደ ቤት ሊጠይቁህ ይመጣሉ። ጋቢናው ባዶ መሆኑን አይተው "ሹፌሩ የት ሄዶ ነው?" ብለው ቢጠይቁኝ፣ "እሸቴ ያውቃል" አልኋቸው።

ሞላልኝ