ሁለት ዓመት ስለኖረው የመቶ ቮልት ቻርጀሬ

ለተከበሩ የመብራት መሥሪያ ቤት የሰፈራችን ቅርንጫፍ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሳይነገረን ሙሉ ሆኖ ስለመጣልን መብራት ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። ባለቤትዎና ልጆችዎ፣ እንዲሁም መስኮት ቁጥር ሁለት ላይ የሚቀመጡት አቤቱታ ተቀባይ፣ ባለፈው ሳምንት ወገባቸውን ይዘው ሲያቃስቱ ስላየኋቸው፣ ሁላችሁም ደህና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም ልጆቼም ደህና ነን። ከቤታችን የሞተው ቻርጀራችን ብቻ ነው፤ እሱም አንድ ቀን እንኳ ሳይታመም ነው የሄደው።

ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ አንዳንድ ቃል ባዛንፍ ይታገሡኝ። ደብዳቤውን በፎቶ ቤቴ መስታወት ላይ የለጠፍኩትም ድፍረት ይዞኝ አይደለም፤ በደንቡ መሠረት ያስገባኋቸው ሁለት ማመልከቻዎች መዝገብ ቤት ከገቡ ወዲህ የት እንዳሉ የሚነግረኝ ስላጣሁ ነው። እዚህ ግን ፎቶ አለ ወይ ብሎ መጥቶ የለም ተብሎ የሚመለሰው ሁሉ ቆሞ ስለሚያነበው፣ ከመካከላቸው አንዱ ከእርስዎ ጆሮ ያደርሰዋል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራዬን ከባሕር ማዶ የላከችልኝ ታናሽ እህቴ ናት። ያገለገለ ቢሆንም ዓይኑ የጠራ፣ የሰው ፊት የማያበላሽ ካሜራ ነው። ችግሩ ለዚያው ሀገር ገበያ የተሠራ መሆኑ ነው፤ የቻርጀሩ ስፒና ሁለት ጠፍጣፋ ምላስ ሲሆን፣ ጀርባው ላይም 100 ቮልት ብቻ ይላል። ፊውዝ የምንለው የሰፈራችን ኤሌክትሪሻን ገና ሲያየው ራሱን ይዞ፣ እትዬ፣ የዚህ ሀገር መብራት 220 ነው፣ ይህን ከሰኩት ባትሪውን ሳይሆን ቤቱን ነው የሚያነዱት አለኝ። ላሳይዎት ብሎም መለኪያውን ሶኬቴ ውስጥ ከተተው። አውጥቶ አራገፈውና መልሶ ከተተው። ከዚያ ሄዶ ከባለብየዳው ሌላ መለኪያ ተውሶ መጣ። ሁለቱም መለኪያዎች ያሉት አንድ ነገር ነበር፤ 108።

እትዬ፣ አይፍሩ፣ ይሰኩት አለኝ ፊውዝ፤ ይሄ ቻርጀር ስደት የመጣ መስሎን ነበር፣ ለካ ሀገሩ ነው የገባው።

ምክንያቱን እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። መንገዳችን መጨረሻ ላይ ወፍጮ ቤት አለ፤ ከአጠገቡ ብየዳ ቤት አለ። ወፍጮው ሲነሳ የሁላችንም መብራት ይተኛል፤ ወፍጮው ሲተኛ የእኛ ይነሳል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ሙሉ በወፍጮ ድምፅ ሰክቼ በወፍጮ ዝምታ ስነቅል ኖሬያለሁ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌን፣ አባባ፣ አገጭዎን ቀና ያድርጉልኝ ብዬ አስቀምጬ ላነሳቸው ስል ወፍጮው ጸጥ አለ፤ ቻርጀሬን ልነቅል ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ስመለስ ሰውዬው አገጫቸውን እንዳቀኑ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ባለወፍጮው ራሱ፣ ከእኔ ይልቅ አንቺ ነሽ ወፍጮውን የምታውቂው ይለኛል። በዚህ ዓይነት ከሕፃን ክትባት ካርድ እስከ ጡረታ ደብተር የሰፈሩን ሰው ፊት በዚያ ቻርጀር አንስቻለሁ፤ አንድ ቀን አልሞቀም፣ አንድ ቀን አልሸተተም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

፩ኛ. ስለ ፍጥነትዎ አመሰግናለሁ። ትራንስፎርመሩ ይቀየርልን የሚለውን ፊርማ ከአራት ዓመት በፊት ቤት ለቤት እየዞርኩ ያሰባሰብኩት እኔው ነኝ። የላይኛው ግቢ ባለቤት ውሻቸው ካልሲዬን ቀዶልኝ ነው የፈረሙልኝ። ልመናዬ በአራት ዓመቱ ተሰምቶ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ትራንስፎርመሩ ተተከለ፤ ለመትከል አራት ዓመት የታገሠው መሥሪያ ቤትዎ ለእኛ ለመንገር ግን አንድ ቀን መታገሥ አልቻለም። ከሰዓት በኋላ ለምረቃው ሪባን መቁረጫ መቀስ አምጥታችሁ፣ ወንበር አምጥታችሁ፣ ድምፅ ማጉያ አምጥታችሁ፣ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ምሰሶው ላይ መለጠፍ ብቻ ረሳችሁ። ከሰው ስሕተት አይጠፋም።

፪ኛ. ስለ ብርሃኑ አመሰግናለሁ። የዚያን ቀን ጠዋት ወፍጮው ሲያጓራ ሰምቼ እንደ ልማዴ በሙሉ ልብ ሰካሁት። ወዲያው አምፖሉ ቦግ አለ፤ ጣራዬ ላይ ያን ያህል ሸረሪት መኖሩን ያወቅሁት ያኔ ነው። ጎረቤቴ ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ ትቶ ወጥቶ፣ መጣ፣ መጣ እያለ ያጨበጭባል። እኔም ከእሱ ጋር ቆሜ ሳጨበጭብ ነው ከጓዳ የሚያንቅ ሽታ የመጣው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ማለት ይሄ ነው፤ ለሁለት ዓመት የሚያስፈራኝ የወፍጮው ዝምታ ነበር፣ የበላኝ ግን ድምፁ ሆነ። ቻርጀሩ ጠቁሮ፣ ውስጡ የነበረው ባትሪ እንደ እንቁራሪት ተነፍቶ አገኘሁት። ባዶ ሆኖ ተራውን ይጠብቅ የነበረው ሁለተኛው ባትሪዬ ብቻ ተረፈ።

፫ኛ. ይህን ቁጥር ስጀምር መብራት ጠፋ። ሲመለስ ልጽፈው የነበረውን ረሳሁት። በአዲሱ ትራንስፎርመርም ስለማትረሱን አመሰግናለሁ ብዬ ልለፈው።

፬ኛ. ስለ አቤቱታ ተቀባይዎ ዕውቀት አመሰግናለሁ። የተቃጠለውን ቻርጀር በፌስታል ይዤ ሄጄ ነበር። ገልብጠው አዩት፤ 100 የሚለውን አነበቡ፤ ከዚያም ለተማሪ እንደሚያስረዳ መምህር ተረጋግተው፣ መሥሪያ ቤታችን ሁልጊዜ የሚያቀርበው 220 ቮልት ነው፣ ስለዚህ ይህ ዕቃ የተቃጠለው በተሰካበት በመጀመሪያው ቀን ነው አሉኝ። ጌታዬ፣ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ ብላቸው፣ አይቻልም አሉኝ። ያነሳሁትን ፎቶ ላሳይዎት ብላቸው፣ ፎቶ ማስረጃ አይሆንም፣ መብራቱ ደካማ ነበር የሚል ከመሥሪያ ቤቱ ወገን የሆነ ምስክር ካመጡ ጉዳዩን ኮሚቴ ያየዋል አሉኝ። እኔ ሞኟ፣ በገዛ ጓዳዬ ሁለት ዓመት የኖረው ነገር አለመኖሩን ከመስኮት ቁጥር ሁለት ተምሬ ተመለስኩ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዱን ትንሽ ላቁመው።

የመጨረሻዋ ልጄ በመጪው ቅዳሜ ከነርስነት ትምህርት ትመረቃለች። ታላቅ ወንድሟ የተመረቀ ጊዜ ቀኑን ሙሉ የሰውን ልጅ ሳነሳ ውዬ የእሱ ተራ ሲደርስ ባትሪው አለቀብኝ። እስከ ዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ የእኔን ፎቶ ማየት የሚፈልግ ካለ እናቴ ባዶውን ግድግዳ ታሳየዋለች እያለ ይስቅብኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ግን ግድግዳውን ቀና ብዬ አላየውም። ለዚህች ልጄ፣ ዘንድሮ የመጀመሪያው ፎቶ የአንቺ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከአንቺ በኋላ ብዬ ቃል ገብቼላታለሁ። በስልክ አንሺያት የሚሉኝ ደጎች አሉ። ባለዳቦ ቤት ለልጁ ልደት ከጎረቤት ዳቦ ሲገዛ አይታችሁ ታውቃላችሁ ብዬ መልሼላቸዋለሁ። ፊውዝ ገበያውን ሁለት ቀን ዞሮ ለዚህ ባትሪ የሚሆን ቻርጀር አጣ። እህቴ ሌላ ልካለች፤ የሚደርሰው ግን በሚቀጥለው ወር ነው።

ታዲያ ምን ፈለግሽ ይሉኝ ይሆናል። ካሳ አልፈለግሁም። ትራንስፎርመሩን መልሱት አላልኩም፤ የጎረቤቴ ማቀዝቀዣ ገና አሁን መቀዝቀዝ ጀምሯል፣ የባለወፍጮውም ዱቄት ላመ። የምፈልገው ሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ሪባኑ ሲቆረጥ የእርስዎ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉት ካሜራ የእኔው ካሜራ ወንድም ነው፤ ያው ሥሪት፣ ያው ባትሪ። ቻርጀሩን ለሁለት ሰዓት ያውሱኝ ብዬ ለመንኳቸው፤ ደግ ልጅ ናቸው፣ እናቴ፣ እኔስ ደስ ባለኝ፣ ግን የመሥሪያ ቤት ንብረት ስለሆነ ኮሚቴው ይፍቀድ አሉኝ። ዕቃውንም ቢሆን አውጥተው አሳዩኝ። ጀርባውን አነበብኩት፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል ይላል። እውነቴን ነው፣ አደነቅኋችሁ። የራሱን መብራት ጠንቅቆ የሚያውቅ መሥሪያ ቤት ሲገዛ እንዲህ ነው የሚገዛው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው፣ ቻርጀሩ ዓርብ ከምሳ በኋላ ለሁለት ሰዓት እንዲፈቀድልኝ ነው። ከግቢው ይወጣል ብላችሁ ከሠጋችሁ ባትሪዬን ይዤ እመጣለሁ፤ ጥበቃዎ አጠገብ ቁጭ ብዬ ስጠብቅ እውላለሁ፣ ሹራብም አለኝ የምሠራው። ለወደፊቱ ደግሞ መብራታችንን ስታሻሽሉ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ንገሩን። ክፉን ብቻ ሳይሆን ደጉንም ቢሆን ሰው ተቀምጦ ነው የሚቀበለው።

በጨለማም በብርሃንም ከማትለያችሁ፣ ቆጣሪዋን በየወሩ ጠርጋ ከምትጠብቃችሁ፣ የሰፈሩን ፊት በሙሉ ከምታውቅ ታማኝ ደንበኛችሁ፣
ባለፎቶ ቤቷ

ማስታወሻ፦ ከመሥሪያ ቤቱ ወገን የሆነ ምስክር አምጪ ተብዬ ነበርና ፈልጌ አግኝቻለሁ። አምና በዚህ ወር፣ ወፍጮው በሚያጓራበት ጠዋት፣ አንድ የተከበሩ ሰው ለመሥሪያ ቤታቸው መታወቂያ ፎቶ ሊነሱ መጥተው ነበር። ወንበሩ ላይ እንደተቀመጡ ቀና ብለው አምፖሉን አዩና፣ እትዬ፣ ምነው መብራትዎ እንዲህ ደከመ አሉኝ። እንግዳ ማሳፈር ነውር ስለሆነ ሁለተኛውን አምፖል ብቻ አበራሁ፣ እሱም አልረዳንም። ፎቶውን ዛሬም ደረታቸው ላይ አንጠልጥለውት ይውላሉ። ኮሚቴው ምስክሩ ማን እንደሆኑ ከጠየቀ መታወቂያዎን ገልብጠው ያሳዩልኝ፤ በግራ ጉንጭዎ ላይ ያለው ጥላ ያን ጊዜ ከ220 የጎደለን 112 ቮልት ነው።