ስለ ስልሳ ሺህ ቮልት ቸርነትዎ

…ሃያ ቆጥሬ ስጨርስ ምስሉ ለሦስት ሰከንድ ያህል ረጋ፤ በተሰበረው ብሎን ፊት ላይ መስመሮቹን አየኋቸው፣ እጄም ወደ… ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሰላምታ ሳላስቀድም ከመሃል ጀመርኩ።

ለክቡር የግዥ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ፊርማዎም የማይንቀጠቀጥ ይሁን፤ እኛ ዘንድ ከእርስዎ ፊርማ በቀር የማይንቀጠቀጥ ነገር አልቀረምና።

እኔ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፑ ቴክኒሻን ነኝ፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ መስኮት የሌለው ክፍል። መሣሪያው የሚያየው በብርሃን ሳይሆን በኤሌክትሮን ጨረር ነው። ጨረሩን የሚገፋው የከፍተኛ ቮልቴጅ ኃይል ሰጪ ቅንጣት ታህል ከዋዠቀ ምስሉ ይርገበገባል። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የጠየቅነው ሠላሳ ሺህ ቮልት ነበር፣ ግን የረጋ። ኮሚቴው አንጀቱ አልችል ብሎት ስልሳ ሺህ ገዛልን። መመሪያውን ሳነብ ዕቃው የብረት በር ቀለም ለሚረጩ ሰዎች የተሠራ ሆኖ አገኘሁት፤ እነሱ ቮልቱ ቢዋዥቅ ባይዋዥቅ ግድ የላቸውም። በስብሰባው ላይ «እጥፍ ሰጥተናችሁ ደግሞ ታማርራላችሁ?» ያሉት ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። መርፌ ለጠየቀ መጥረቢያ መስጠት በእርግጥም ቸርነት ነው።

ሁለተኛ፤ አሮጌው ካልተመለሰ አዲሱ አይወጣም የሚለውን ደንብዎን አደንቃለሁ። የአሮጌው ኃይል ሰጪ ሕመም አንድ የተሰነጠቀ ኬብል ብቻ ነበር፤ የኬብሉን ምትክ ያገኘሁት አሮጌውን ካስረከብኩ በኋላ ነው። ተሸክሜ የወሰድኩት እኔ ነኝ፤ የፈረምኩትም እኔ። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። አሁን «የተወገደ ንብረት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት በመጋዘኑ መስኮት ይታያል። በየምሳ ሰዓቱ ሄጄ አየዋለሁ። ለምን እንደምሄድ አላውቅም።

ሦስተኛ፤ ከላይ ያነሳሁት የተሰበረው ብሎን የአንድ አውቶቡስ መሪ ብሎን ነው። ዘጠኝ ሰው ሞቷል፤ ሹፌሩም በፍጥነት ነድተሃል ተብሎ ታስሯል። ብሎኑ ከአደጋው በፊት ለወራት ሲሰነጠቅ ቆይቶ ከሆነ፣ ስብራቱ ላይ እንደ ግንድ ቀለበት የተደረደሩ መስመሮች ይኖራሉ። አሉ። አየኋቸው። ፍርድ ቤቱ የጠየቀው ግን የእኔን ዓይን ሳይሆን ፎቶግራፍ ነው። ለፎቶግራፉ አንድ ደቂቃ ተኩል ያስፈልጋል፤ የእርስዎ ስጦታ የሚፈቅድልኝ ሦስት ሰከንድ ነው። የመጨረሻው ቀጠሮ ማክሰኞ ነው።

አራተኛውን ጀምሬ ተውኩት። የሹፌሩ እናት በየማለዳው ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ጫፍ ይቀመጣሉ። «ልጄ፣ ዛሬስ ዓይኑ በራለት?» ይሉኛል፣ ማሽኑን ማለታቸው ነው። «ትንሽ ይቀረዋል፣ እማማ» እላለሁ። አሥራ ሰባት ቀን ሙሉ ትንሽ ይቀረዋል።

ልመናዬ አንድ ናት፤ አሮጌውን ለአንድ ቀን ያውሱኝ።

በእያንዳንዷ ቮልት አንድ ጊዜ፣ በድምሩ ስልሳ ሺህ ጊዜ እጅ የምነሳዎ፣
የሁለተኛው ፎቅ ቴክኒሻን

ተጨማሪ፤ ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ልለጥፍ ስወርድ የመጋዘኑ በር ተከፍቶ ነበር። ሁለት ሠራተኞች የተወገዱ ንብረቶችን የጭነት መኪና ላይ እየጫኑ ነበር፤ የመጨረሻው ሳጥን አሮጌው ኃይል ሰጪ ነው። ትእዛዙን አሳዩኝ፤ ፊርማዎ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር፣ ዛሬም ያልተንቀጠቀጠ ነው። እማማ ከኋላዬ ደርሰው ኖሯል። «ያ ሳጥን ምንድነው፣ ልጄ?» አሉኝ። የመኪናው በር ተዘጋ።